የአባዬ ጉድጓድ አንደኛ ሲወጣ

እኔ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። የሚያየኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይላል። ጨዋነት አይደለም፤ ጥርሴ ነው። እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ጥርሱ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። አንዳንዱን ዳር ዳሩን፣ አንዳንዱን መሀል መሀሉን ይነካዋል፤ ለእኔ ግን ፈጣሪ ሳይሰስት ዙሪያውን አድሎኛል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን መኝታ ክፍል የተጋራችኝ የጎንደር ልጅ ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ «የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «በምን አወቅሽ?» ብዬ አፌን ከፈትኩ። በዚያው አረጋገጠች።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። በከሰል ፈትጌዋለሁ፣ በአመድ ፈትጌዋለሁ፣ በሎሚና በጨው አሽቼዋለሁ። አንድ ጊዜማ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አነሣሁበት። ድዴ ደማ እንጂ ጥርሴ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ተስፋ ቆርጬ እጄን የአፌ መክደኛ አደረግሁት።

የአባዬ ጥርስ ግን ነጭ ነበር። እሱ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ናዝሬት የመጣው ጎልማሳ ሆኖ፣ የጭነት መኪና እየነዳ ነው። የእሱ ችግር አንገቱ ነበር። መጀመሪያ አንገቱ አልዞር አለ። ከኋላው «ጋሽ ወልዴ!» ብለው ሲጠሩት ተሳቢ እንዳለው መኪና ሰፊ ቦታ ፈልጎ ሙሉ ሰውነቱን ነበር የሚያዞረው። ቀጥሎ ወገቡ አልታጠፍ አለ። እንግዲህ ሰላምታ በማጎንበስ በሚለካበት አገር ወገቡ የማይታጠፍ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የዕድሩ ሽማግሌዎች «ይሄ ሰውዬ ምን አለኝ ብሎ ነው እንዲህ የሚኮራው?» እያሉ አሙት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያው ወገብ ወደ ፊት ጎበጠና በዚያው ቀረ፤ አሁን ደግሞ ቀና ማለት አቃተው። እነዚያው ሽማግሌዎች «ዕድሜ ሰውን እንዴት ትሑት ያደርገዋል!» አሉ። አጥንቱ ያው አንድ አጥንት ነው፤ ሰው ግን ሁለት ጠባይ አወጣለት። ሐኪም ቤት ሄዶ «ቁርጥማት ነው» ብለው ቅባት ሰጡት። ቅባቱን እኔ ነበርኩ የማሸው። ጀርባው ከእጄ በታች እንደ ጣውላ ነበር።

ሰፈራችን ከናዝሬት ወጣ ብሎ ወደ አዋሽ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። በንጉሡ ጊዜ ቧንቧ አልነበረንም። በአብዮቱም ጊዜ ቧንቧ አልነበረንም፤ ነገር ግን ስለ ቧንቧ ብዙ ስብሰባ ነበረን። ድሮ ሰዉ የሚጠጣው ከወንዙ ነበር። እኔ ገና ዳዴ ስል አንድ ክረምት ክፉ ተቅማጥ ገባና ሰፈሩን ድንኳን በድንኳን አደረገው። እናቴ ጠዋት ታማ ማታ ሞተች። ጎረቤታችን አዴ ብፍቱ ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ሳምንት ቀበሩና ለእነሱ የነበረውን ጡት ለእኔ ሰጡኝ።

አባዬ ከሰልስቱ ማግሥት መኪና መንዳቱን ትቶ ጓሮውን መቆፈር ጀመረ። ሰዉ አበደ አለ። አንዳንዱም ለሚስቱ ሁለተኛ መቃብር የሚቆፍር መስሎት በገመድ ሊያስረው መጥቶ ነበር። ወራት ቆፈረ። ድንጋይ ሲያገኝ ድንጋዩን ፈልጦ አለፈ። ውሃው የወጣ ቀን ደስ ብሎት የሚጮህ የመሰላቸው አዴ ብፍቱ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ፣ ከታች የሚሰማው ልቅሶ ነበር። «ውሃው እስኪደርስ ድረስ አላለቀሰላትም ነበር» ይሉኛል።

ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። አባዬ አጥር አላጠረበትም፣ ቁልፍ አላበጀለትም። መንገደኛውም ጎረቤቱም እየመጣ ይቀዳ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሰፈራችን በተቅማጥ የሞተ ሰው አልነበረም።

ወደ ትምህርቴ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እያጠናሁ የመጨረሻው ዓመት ላይ ስደርስ «የአካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት መረጥኩ። ስለ ዓለም ውሃና አየር ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ፤ ክፍለ ጊዜው ከምሳ በኋላ ስለሆነ ጠዋት ያስተኛል ብለውኝ ነው። ለአባዬ «የአካባቢ ጥበቃ ነገር እየተማርኩ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። አባዬ ደብዳቤውን ለሰፈሩ አነበበው። ሰፈሩ ደግሞ ከ«ጥበቃ» በፊት ያለውን ቃል አልሰማም። በዚያ ዘመን ጥበቃ ማለት አንድ ነው፤ ጠመንጃ የያዘው አብዮት ጥበቃ። ለዕረፍት ስመጣ ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬ ያቆሙ ጀመር። አንድ ጎረቤታችንማ ከምልመላ የደበቀውን ልጁን እኔ በመጣሁ ቁጥር ከአልጋ ሥር ወደ ኮርኒስ ያዛውረው ነበር አሉ። አዴ ብፍቱ ብቻ ፊት ለፊት ጠየቁኝ።

«ጠመንጃውን መቼ ነው የሚሰጡሽ?»

«አዴ፣ ጠመንጃ የለውም። እኛ የምንጠብቀው ውሃና ዛፍ ነው።»

«ያ ዋቅ! ዛፍ ደግሞ የት ይሄድብናል ብለው ነው?»

አንድ ቀን መምህራችን ክፍል ውስጥ ስለ ፍሎራይድ አስተማሩን። በስምጥ ሸለቆ ከድንጋይ እየሟሟ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ የማይታይ፣ የማይሸት ነገር ነው አሉን። ጥቂቱ ለጥርስ ደግ ነው፤ ሲበዛ ግን በልጅነት የጠጣውን ሰው ጥርስ ያበላሻል። ይህን ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም በእጄ ሸፈንኩ። መምህራችን ግን ያገኙትን ዕድል የሚያሳልፉ ሰው አልነበሩምና «አንቺ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚህ ላይ ሥሪ። ከሞጆ እስከ ዝዋይ አሥራ ሁለት ቦታ ውሃ ቅጂና አምጪ። በብርጭቆ ጠርሙስ አይሆንም፤ በፕላስቲክ» አሉኝ።

ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያ ጊዜ ከየት ይመጣል? አንዲት የማውቃት የልብስ አጣቢ አሥራ ሁለት ባዶ የበረኪና ፕላስቲክ ሰጠችኝ። አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ ሽታው ግን አልለቅ አለ። ሳይንስን የጀመርኩት በረኪና በረኪና እየሸተትኩ ነው።

ቆቃ ሐይቅ ዳር ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ስሞላ ከኋላዬ «ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወታደር ነው። ሴት መሆኔን ሲያይ «ቁሚ!» ብሎ አረመው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሃ እየቀዳሁ።»

«ውሃ የሚቀዳ ሰው እንስራው የታል?»

«ለጥናት ነው።»

«ውሃ ይጠናል? ፊደል አለው?» አለና ፕላስቲኩን ተቀብሎ አሸተተ። ዓይኑ ፈጠጠ። «በረኪና! ሐይቁን ልትመርዢ!»

የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አሳየሁት። ማኅተሙን ገልብጦ አየው። «እንግዲያው መርዝ ካልሆነ ጠጪው» አለ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? የቀዳሁትን ጠጣሁት። እስከ ግማሹ ደርሼ ቀና ስል «ጨርሺው» አለኝ። ጨረስኩት። ሳትሞትብኝ ቀርታለች ብሎ ካረጋገጠ በኋላ ሌላ እንድቀዳ ፈቀደልኝ። የቆቃ ሐይቅ ሆዴ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ማዕበል አነሣ። ትምህርት እንደዚያ ወደ ውስጤ ዘልቆ ገብቶ አያውቅም።

የመቂው ደግሞ ብሶ ቁጭ። የመቂን ውሃ «ቁ. 4» ብዬ ጽፌበት አውቶቡስ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሲያዩት ቆዩና ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ጠበል ነው?»

«አይ እናቴ፣ የመቂ ውሃ ነው።»

«የመቂ መሆኑንማ ሲጭኑልሽ አየሁ። የመቂ ማን?»

«የመቂ ቁጥር አራት።»

«አራት?» ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አርባዕቱ እንስሳ!» እልልታቸውን አቀለጡት።

እኔ አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል ክዳኑ ተከፍቷል። ጉልበታቸውን ቀቡ፣ ቀሪውን ለኋለኛው ወንበር አቀበሉ። መዳፍ ከየአቅጣጫው ተዘረጋ። ሾፌሩም መኪናውን ጥግ አስይዞ ድርሻውን ጠየቀ። አንድ ሰውዬ «እኔስ ራሴን ተሻለኝ» አለ። ቁጥር አራት አለቀች። በማግሥቱ እንደገና መቂ ሄድኩ።

አሥራ ሁለተኛውን ከአባዬ ጉድጓድ ለመቅዳት ቤት ስደርስ አባዬ የዓመት በዓል ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ። ኮቱ ከጀርባው ላይ ተነሥቶ፣ ከፊቱ እስከ ጉልበቱ ተንጠልጥሏል። ባልዲውን በአሸዋ አጥቦ አንፀባርቆታል። ጎረቤቱን ጠርቷል። «ከሌሎቹ ሁሉ ትልቁን ፕላስቲክ ለዚህ ስጪው» አለኝ። «ቁጥር ብቻ አትጻፊበት። 'የወልዴ ውሃ' በይው። ለነዚያ ምሁራን ንገሪልኝ፤ ከዚህ የጠጣ ሰው በተቅማጥ ሞቶ አያውቅም።»

ጻፍኩለት። አሥራ አንዱ ቁጥር ነበራቸው፤ አሥራ ሁለተኛው ስም ነበረው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ቤተ ሙከራ ገባሁ። አንድ በአንድ ለካሁ። የቆቃው ደህና ነበር። የመቂው፣ የዝዋዩ ከፍ ዝቅ እያለ ሄደ። የአባዬን ሳስገባ የመለኪያው መርፌ ተነሥቶ እስከ ዳር ሄደና ቆመ። መሣሪያው ተበላሽቷል አልኩ። አጥቤ ደገምኩት። ያው ነው። ፕላስቲኩ ላይ የቀረው በረኪና ነው አልኩ። ንጹሕ ውሃ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ለካሁ፤ መርፌው አልተነሣም። ሦስተኛ ጊዜ ለካሁ። መምህራችን በትከሻዬ ላይ አጮልቀው ሲያዩ ደስታቸው ወሰን አጣ።

«ግሩም ውጤት ነው! እንዲህ ያለ ከፍተኛ አላየሁም። የማን ጉድጓድ ነው?»

«የ... የአንድ ሰውዬ ነው።»

«ሰውዬውን አይተሽዋል? በእንዲህ ያለ ውሃ ጥርስ መጀመሪያው ነው። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው አጥንቱ እየጠጠረ ይሄዳል። መጀመሪያ አንገቱ አይዞርም። ቀጥሎ ወገቡ አይታጠፍም። በመጨረሻ ይጎብጣል፣ አይቀናም።»

ሲዘረዝሩት አባዬን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ይመስሉ ነበር። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «የመጀመሪያ ግኝት ሁሉንም ሰው ያስለቅሳል» አሉኝ።

ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ቤት ስሄድ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እየደረደርኩ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞጆ ሲደርስ ጥሩ አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። ናዝሬት ሲደርስ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ሰፈር ስደርስ አባዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቴን ለማየት አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ «እህስ፣ ስንተኛ ወጣን?» አለኝ።

እኔ የተዘጋጀሁት «ውሃው እንዴት ነው?» ለሚል ጥያቄ ነበር። ስንተኛ ወጣን የሚል ጥያቄ አልጠበቅኩም። ፊቱ ላይ ያለውን ተስፋ አየሁና አፌ «አንደኛ» አለ።

ውሸት አይደለም፤ ከአሥራ ሁለቱ አንደኛው እሱ ነው። ከውሸት የከፋ እውነት እንዳለ ያን ቀን ነው የተማርኩት።

አባዬ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከምሳ በፊት ሰፈሩ ሰማ፤ ማምሻውን ቀበሌው ሰማ። እሑድ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራ። አባዬን ከፊት ወንበር አስቀመጡት። ሊቀመንበሩ «የሰፊው ሕዝብ ጉድጓድ በሳይንስ ዓይን ተመርምሮ ከስምጥ ሸለቆ አንደኛ ወጥቷል!» ሲል ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። እኔን አስነሥተው «አብራሪልን» አሉኝ። ተነሣሁ። ስለ ዝናብ ዑደት አብራራሁ። ደመና እንዴት እንደሚፈጠር እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር በዚያ አዳራሽ ተደርጎ አያውቅም።

በማግሥቱ ጉድጓዱ አጠገብ ነጭ ጣውላ ተተከለ፤ በቀይ ቀለም «በጥናት አንደኛ የወጣ የሕዝብ ጉድጓድ» ይላል። ከዚያማ የት ልበላችሁ! ቧንቧ ካለው ከከተማው መሀል ሳይቀር ሰው መምጣት ጀመረ። ጀሪካን የጫነ አህያ እስከ ዋናው መንገድ ተሰለፈ። ንጹሕ ቧንቧቸውን ዘግተው የአባዬን ውሃ የሚሸከሙ ሰዎች አየሁ። እኔ በየማለዳው «ዛሬ እነግረዋለሁ» እላለሁ፤ በየማታው «ነገ» እላለሁ። በአንድ ቃሌ የተጠማውን ሁሉ ሰብስቤ አመጣሁበት።

አንድ ጠዋት ከሌላ ቀበሌ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን አዝላ መጣች። ባልዲውን ስባ አወጣችና የሕፃኑን ጡጦ እዚያው ሞላች። አባዬ ሕፃኑን ለማየት እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ሳቀለት። ሕፃኑም ሳቀ። ሁለት ጥርስ ብቻ ነበረው፤ ሁለቱም ነጭ።

ሴትዮዋ እንደሄደች «አባዬ» አልኩት፣ «አንደኛ የወጣው በመጥፎ ነው።»

«በመጥፎ ማለት?»

ነገርኩት። ከድንጋዩ እየሟሟ ስለሚገባው፣ ስለማይታየው ነገር። እጄን ከአፌ ላይ አንሥቼ «ይሄን ያደረገው እሱ ነው» አልኩት።

«ጥርስ ብቻ ነው?»

ባልዲውን አንሥቼ ወደ ዳር አራቅሁት።

«ልጄ፣ እኔ ሾፌር ነበርኩ። መኪና ሲያቃስት የቱ ብሎን እንደላላ አውቃለሁ። ጥርስ ብቻ ነው?»

«አጥንትም ነው። አንገትም... ወገብም።»

ፊቱን ለማየት ሞከርኩ። አንገቱን ሁልጊዜ የደፋ ሰው ሲያዝን በምን ይታወቃል? እጁን ጉድጓዱ አፍ ላይ አሳረፈ። አበው «ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላሉ። ያ የተነገረው ለክፉ ሰው ነው፤ ለአባዬ የሚሆን ተረት አላገኘሁም።

«ልጆቹም ሲያድጉ እንደኔ ይሆናሉ?»

«ብዙዎቹ።»

«እኔ ብቻዬን ብሆን ደግ ነበር» አለ።

በማግሥቱ ዱላውን ይዞ ቤት ለቤት ሄደ። እኔም ተከተልኩት። በየደጃፉ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጎረቤቶቼ፣ ሃያ ዓመት መጥፎ ውሃ አጠጥቻችኋለሁ። ሳላውቅ ነው። ይቅር በሉኝ» ይላል። መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥለው «ግቡና ተቀመጡ» አሉን። ከዚያ አላመኑትም። «አንደኛ የወጣውን ውሃ?» አሉ። አንዱ ከአጥር ጀርባ «ዝና ሲያገኝ ሰሰተ፤ ለብቻው ሊጠጣው ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሌላው ሚስቱን «ያቺ አብዮት ጥበቃ ልጁ ናት የመከረችው» አላት።

አዴ ብፍቱ ዘንድ ስንደርስ እሳቸው አባዬን እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«አዴ፣ የጥርሱ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጥርስ ትይኛለሽ?» አሉ። «የቀበርኳቸው ልጆቼ ጥርሳቸው ወተት ነበር። ከዚህ ጉድጓድ የጠጡት ጥርሳቸው ቀላ፤ ግን እዚህ አሉ፣ ከእኔ ጋር ይጣላሉ፣ ይበላሉ። ጋሽ ወልዴ፣ ምን ይቅር ልበልዎ? ወደ ወንዙ ልመለስ?»

መምህራችን ውሃው መጥፎ መሆኑን እንዴት እንደሚለካ አስተማሩን እንጂ ሌላው ውሃ ከየት እንደሚመጣ አላስተማሩንም።

አባዬ ግን ከቤት ገብቶ ጣውላና ሚስማር አወጣ፤ የጉድጓዱን አፍ ከደነው፣ ቁልፍም አበጀለት። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሁለት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ መጣ። አባዬ ቁልፉን አልሰጥም አለ። «ውሃ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው!» ብሎ ሊቀመንበሩ ክዳኑን በመጥረቢያ አስፈለጠው። አባዬንም «የሕዝብ ጥቅም አደናቃፊ» ብለው ቀበሌ አስገቡት።

ሦስት ቀን አሠሩት። ምሳ ይዤለት እሄድ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ከክፍሉ ጥግ አንድ ማሰሮ ውሃ ተቀምጦ አየሁ።

«ከየት ነው?» አልኩት።

«ከየት ይሆናል?» አለኝ። «ጠባቂው ደግ ልጅ ነው። 'ጋሼ፣ ለእርስዎማ አንደኛውን ውሃ ነው ያመጣሁልዎት' አለኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ አፌን ሳልሸፍን፣ እሱ ወደ መሬት። ሳቁ በመሀል ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥበት ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምሳውን ሳይነካው መለሰልኝ።

ከተፈታ በኋላ አባዬ ጉድጓድ ስለመዝጋት አላነሣም። ከቤታችን ጣሪያ ዙሪያ አሮጌ ቆርቆሮ አጥፎ አሸንዳ ሠራ፤ ከሥሩ ሁለት በርሜል አቆመ። እንዲህ ጎብጦ መሰላል ላይ መውጣቱን ያየ ሰው ሁሉ ይጮህበት ነበር። የዝናቡን ውሃ ለሕፃናት ብቻ ብሎ ለየው። ከዚያ ጉድጓዱ አጠገብ በርጩማ አስቀምጦ ይውላል። ለቀጂው ሁሉ «ለትልልቆቹ ይሁን፤ ለሕፃኑ ግን ከበርሜሉ ውሰጂ» ይላል። ብዙዎቹ «እሺ ጋሼ» ብለው ከጉድጓዱ ቀድተው ይሄዳሉ። የሰሙት ጥቂት ናቸው። አዴ ብፍቱ ግን ለልጅ ልጃቸው ከበርሜሉ ይወስዱ ነበር። ሲወስዱ እሱን ላለማሳዘን ነው ይላሉ እንጂ አምነውበት እንደሆነ አልነገሩኝም።

እኔ ተመረቅኩ። ጽሑፌ ከፍተኛ ውጤት አገኘ፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ስለ ሰፈራችን ውሃ ለሚመለከተው ሁሉ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። አጥኚዋ እኔ ነበርኩ።

አባዬ በበጋው ሞተ። መተንፈስ አቅቶት ነው፤ ጎድኑ አልላወስ ብሎ። የዕድሩ አናጢ ልኬቱን ሊወስድ መጣና ገመዱን ዘርግቶ ግራ ገባው። እንደ ሌላው ሰው በጀርባው አስተኝቶ የሚዘጋ ሳጥን አልተገኘም። ከጎኑ ብናስተኛው ይሻላል ተባባልንና አናጢው አጭርና ሰፊ ሳጥን ሠራ። አባዬ ጉልበቱን አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ተቀበረ። ከዓመታት በኋላ ፊቱን ሳላጎነብስ ያየሁት ያኔ ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በሰው ሞላ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አቧራው ሰዉን ነጭ አድርጎታል። ዝናብ ከጠፋ ወራት ስለሆነው በርሜሎቹ ባዶ ናቸው። የዕድሩ ሴቶች ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ሲለቁት የገመዱን ድምፅ ከድንኳኑ ሆኜ ሰማሁት። ተነሥቼ «ተዉ» ልል ነበር። ይህ ሁሉ ሰው አባቴን ሊቀብር በእግሩ መጥቶ ተጠምቷል። ሌላ ውሃ የለኝም።

ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ራሴ አሳለፍኩ። ሽማግሌዎቹ፣ አናጢው፣ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ተራ በተራ ተቀበሉኝ። አዴ ብፍቱ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ብርጭቆውን ባንድ ትንፋሽ ጠጡት፤ ዓይናቸውን ጠርገው መልሰው ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ፣ ልጄ» አሉ።

ደገምኩላቸው።